ባዶ እጁን መመለስ ያልፈለገው መርከበኛ

የምሠራው ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ፓርኪንግ ጋራዥ ነው፣ የማታ ፈረቃ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ መኪና እምብዛም ስለማይገባ እዛች የመስታወት ክፍል ውስጥ ሂተሯን እግሬ ስር አድርጌ ስልኬ ላይ ያገኘሁትን ሳነብ ነው የሚነጋልኝ። ባለፈው ዊንተር አንድ ሌሊት እንደዚሁ ከአንዱ ወደ አንዱ እያልኩ ስሄድ በ1611 የተጻፈ ደብዳቤ ላይ ደረስኩ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው)። ጸሐፊው ዊሊያም አዳምስ የሚባል እንግሊዛዊ መርከበኛ ነው፣ የሚጽፈው ጃፓን ሆኖ ነው። ከሀገሩ ከወጣ 13 ዓመት ሆኖታል፣ ማን እንደሞተ ማን እንዳለ አያውቅም፣ ስለዚህ ደብዳቤውን ለማያውቃቸው ወዳጆቹና ለሀገሩ ልጆች ብሎ ነው የላከው፣ ይሄ ወረቀት እጁ የገባ ሰው ላይምሃውስ ወይም ጊሊንግሃም ላሉት ሰዎቼ በሕይወት መኖሬን ይንገርልኝ ብሎ ይለምናል። ሚስቴ ባሏ እያለ እንደ መበለት ሆናለች፣ ልጆቼም አባት እንደሌላቸው ሆነዋል፣ የልቤ ትልቁ ሐዘን ይሄ ነው ይላል። እዚህ ላይ ስደርስ ስልኩን አስቀመጥኩትና ትንሽ ቆየሁ።

ይሄን ሰው ብዙዎቻችሁ የምታውቁት "ሳሙራይ የሆነው ፈረንጅ" ተብሎ ነው። እኔም እንደዛ ነበር የማውቀው። ሁለት ሰይፍ፣ ርስት፣ የሾጉን (የጃፓን የጦር ገዥ ማለት ነው) አማካሪ፣ ምናምን። ታሪኩ እውነት ነው፣ ግን ከዛ ሌሊት በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ሌላ ነገር ነው ደጋግሞ የመጣብኝ፣ እሱን ልጻፈው ብዬ ነው።

አዳምስ በ1564 ነው የተወለደው፣ ኬንት ውስጥ ጊሊንግሃም በሚባል ቦታ። 12 ዓመቱ ላይ ላይምሃውስ ለሚገኝ አንድ የመርከብ ሠሪ ተሰጠና 12 ዓመት ሙሉ እሱ ጋ ተማረ፣ መርከብ እንዴት እንደሚሠራም እንደሚመራም ማለት ነው። በ1588 የስፔን መርከቦች እንግሊዝን ሊወጉ ሲመጡ ስንቅና ጥይት የምታመላልስ መርከብ አዛዥ ነበር። በ1589 ሜሪ የምትባል ሴት አገባ፣ ሴት ልጃቸውን ደሊቨረንስ አሏት፣ መዳን እንደማለት ነው። በ1598 ደግሞ ሆላንዶች አምስት መርከብ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሊልኩ መሆኑን ሲሰማ ወንድሙን ቶማስን ይዞ ሮተርዳም ሄዶ ተቀጠረ። የመርከቦቹን ስም ልብ በሉልኝ፣ በአማርኛ ብንመልሳቸው ተስፋ፣ ፍቅር፣ እምነት፣ ታማኝነት እና የምሥራች ናቸው።

እምነት ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ተመልሳ ሀገሯ ገባች። የምሥራችን ስፔኖች ማረኳት። ታማኝነት እስያ ድረስ ዘልቃ ፖርቱጋሎች እጅ ወደቀች። ሰላማዊ ውቅያኖስን አብረው ለማቋረጥ የተነሱት ተስፋና ፍቅር ነበሩ፣ መሀል ላይ ማዕበል መጣ፣ ተስፋ ጠፋች፣ ከዛ በኋላ ያያት የለም። አዳምስ ፍቅር ላይ ነበር። ወንድሙ ቶማስ ከዛ በፊት የቺሌ ባሕር ዳርቻ ላይ ለምግብ ፍለጋ ከወረዱት ጋር ተገድሏል። ረሃቡ ደግሞ፣ የመርከብ ገመድ የተሸፈነበትን የጥጃ ቆዳ እየላጡ የበሉ ሰዎች ነበሩ። በኤፕሪል 1600 ፍቅር ደቡብ ጃፓን ቡንጎ የሚባል ግዛት ስትደርስ ከተሳፈሩት 110 ሰዎች መሀል በሕይወት የተገኙት 24 ያህል ናቸው፣ በእግራቸው መቆም የሚችሉት ደግሞ ስድስት ወይ ሰባት ብቻ። የሀገሬው ሰዎች መርከቧ ላይ ወጥተው ያገኙትን ሲወስዱ ዝም ብለው ከማየት በቀር አቅም አልነበራቸውም።

ጃፓን ውስጥ ፖርቱጋሎች ቀድመው ገብተዋል፣ ነጋዴዎችም የኢየሱሳውያን ቀሳውስትም። የመጡት ሰዎች ፕሮቴስታንቶች መሆናቸውን ሲያውቁ እነዚህ የባሕር ሽፍቶች ናቸው ይሰቀሉ አሉ። እዛ ሀገር ስቅላት ማለት በገመድ አይደለም፣ በእንጨት መስቀል ላይ ነው። አዳምስን ከአንድ ጓደኛው ጋር ኦሳካ ወሰዱት፣ ቶኩጋዋ ኢዬያሱ ፊት። ኢዬያሱ ገና ሾጉን አልሆነም፣ ግን በዛን ሰዓት እንደሱ ኃይል የነበረው መስፍን የለም፣ ትልቁ የሴኪጋሃራ ጦርነት ሊነሳ ስድስት ወር እንኳን አልቀረውም።

ይሄን ስብሰባ አዳምስ ራሱ ነው የሚተርከው፣ እኔ ደግሞ ያነበብኩት ለኢንተርቪው እንደሚዘጋጅ ሰው ሆኜ ነው። ኢዬያሱ በፖርቱጋልኛ አስተርጓሚ ነው የሚጠይቀው። ከየት ሀገር መጣህ? ይሄን ያህል ርቀት ምን አመጣህ? ሀገርህ ጦርነት አለ? አለ፣ ከስፔንና ከፖርቱጋል ጋር፣ ከሌላው ጋር ሰላም ነን። ምን ታመልካለህ? ሰማይና ምድርን የፈጠረውን። በየት መጣህ? አዳምስ የዓለም ካርታ ዘረጋና በማጄላን ወሽመጥ እንደመጡ በጣቱ አሳየው፣ ኢዬያሱ ተገረመ፣ የሚዋሽም መሰለው። እንዲህ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተባባሉ እኩለ ሌሊት ሆነ። ከሳሾቹ ከጎን አሉ፣ አስተርጓሚው የጠላት ቋንቋ ነው የሚናገረው፣ ማስረጃህ ካርታና አፍህ ብቻ ነው፣ የሚወስንብህ ሰው ደግሞ ሀገርህ የት እንዳለ እንኳን ሰምቶ አያውቅም። እንዲህ ዓይነት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ይሄን ገጽ ሲያነብ እጁ ላብ በላብ ይሆናል።

ከዛ ወደ እስር ቤት መለሱት። ተጨማሪ ጥያቄ ብለው ይጠሩታል፣ ይመልሱታል። በጠቅላላው 41 ቀን፣ ነገ እሰቀላለሁ እያለ። መጨረሻ ላይ የኢዬያሱ መልስ ለከሳሾቹ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ እነዚህ ሰዎች እኔንም ሀገሬንም እስካሁን አልጎዱም፣ እናንተና እነሱ ስለተጣላችሁ እኔ ልገድላቸው ፍትሕ አይደለም አለ። ኢዬያሱ ሩኅሩኅ ሰው ነበር ብዬ አይደለም፣ ስንቱን የፈጀ ሰው ነው፣ ግን ይሄን መልስ ሳነብ አክብሬዋለሁ። ጥቅሙንም አይቷል መቼም፣ መርከቧ ላይ መድፍ ነበር፣ 500 ያህል ጠመንጃ ነበር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከፖርቱጋሎች አፍ ሌላ ስለ ውጭው ዓለም የሚነግረው ሰው አገኘ።

ጦርነቱን አሸንፎ በ1603 ሾጉን ሆነ። ከዛ አንድ ቀን አዳምስን ጠርቶ ትንሽ መርከብ ሥራልኝ አለው። አዳምስ እኔ አናጢ አይደለሁም፣ አልችልበትም አለ። ሞክር፣ ጥሩ ባይሆንም ግድ የለም አለው። እኛ ጋ ጋፋት ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን ፈረንጆች መድፍ ሥሩልኝ ሲሏቸው ከሆነው ጋር ሳስተያየው ያኛው እንዴት እንዳለቀ እናውቃለን፣ ሴባስቶፖል አፈር እያስቃማቸው መቅደላ ወጣች። ይሄኛው ግን ቀና። ኢቶ የሚባል የባሕር ዳርቻ ላይ 80 ቶን የሚሆን የአውሮፓ ዓይነት መርከብ ሠራ። ኢዬያሱ ሊያያት ገብቶባት በጣም ወደዳት። ቀጥሎ 120 ቶን የሆነች ሠራ፣ እሷን በ1609 መርከቡ ተሰብሮበት ጃፓን ዳርቻ ለወደቀ ሮድሪጎ ዴ ቪቬሮ ለሚባል ስፔናዊ ባለ ሥልጣን ሰጡትና በ1610 ውቅያኖሱን አቋርጣ ሜክሲኮ ገባች። አልችልም ያለ ሰው የሠራት መርከብ ናት።

ከዚህ በኋላ ነው መቀራረቡ የመጣው። ጂኦሜትሪና ሒሳብ ያስተምረው ነበር፣ ሾጉኑን። የምለውን አይቃወመኝም ነበር ይላል አዳምስ። ስቀለው ሲሉ የነበሩት ሰዎች እሱን ደጅ መጥናት ጀመሩ፣ ስፔኖቹም ፖርቱጋሎቹም፣ አዳምስም ክፉውን በበጎ እየመለስኩ ጉዳያቸውን አስፈጸምኩላቸው ይላል። ሚዩራ በሚባል ልሳነ ምድር ላይ ሄሚ የሚባል መንደር ተሰጠው፣ 80 ወይም 90 ገበሬ ያለበት። ብዙ ቦታ ርስት ተሰጠው ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ በእኛ አነጋገር ግን ጉልት ቢባል ይሻላል፣ ምክንያቱም አገልግሎትህ ታይቶ ከላይ የሚሰጥህ፣ ገባሩ ሩዙን የሚያስገባልህ ነገር ነው። በእንግሊዝ ሀገር እንዳለ ጌትነት ዓይነት ነው ብሎ ለሀገሩ ሰዎች ይገልጸዋል፣ ከእሱ በፊት ለውጭ ሰው እንዲህ ተሰጥቶ አያውቅም። ሁለት ሰይፍ ታጠቀ። ስሙም ሚዩራ አንጂን ሆነ፣ አንጂን ማለት መርከብ መሪ ነው፣ የሚዩራው መርከብ መሪ። ኤዶ ማለትም ዛሬ ቶክዮ በምንለው ከተማ ኒሆንባሺ አካባቢ ቤት ነበረው፣ ሰፈሩም በስሙ ይጠራ ነበር። ጃፓናዊት ሚስት አገባ፣ ጆሴፍና ሱዛና የሚባሉ ልጆች ወለደ።

እንግዲህ የሚተረከው እስከዚህ ነው፣ ከሞት አፍ ወጥቶ ጌታ ሆነ። ግን አምስት ዓመት እንደተቀመጠ፣ ሚስቴንና ልጆቼን ልይ፣ ኅሊናዬም ተፈጥሮዬም ግድ ይለኛል፣ ልሂድ ብሎ ለመነ። ኢዬያሱ አልተደሰተም፣ አይሆንም አለ። ደግሞ ለመነ፣ አይሆንም። ሌላው ቢቀር አለቃዬን ልቀቁት ብሎ ለምኖ ካፒቴኑን በ1605 አስለቀቀለት፣ እሱ ሄደ፣ አዳምስ ቀረ። የጠቀመው ነገር ነው ያስቀረው፣ መርከብ መሥራት ባይችል፣ ሒሳብ ባያውቅ፣ ምናልባት ማንም አይፈልገውም፣ ይለቁት ነበር። የእኛ ነገሥታትም እንዲህ ያደርጉ እንደነበር ታሪክ የተማረ ያውቃል፣ ጴሮ ዳ ኮቪልያ የሚባለው ፖርቱጋላዊ በዐፄ እስክንድር ዘመን ገብቶ፣ ንጉሡ ሲሞቱ ዐፄ ናዖድ አትሄድም አሉት፣ መሬት ተሰጠው፣ ሚስት አገባ፣ ወለደ፣ በ1520 የሀገሩ መልእክተኞች በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ሲመጡ እዛው አርጅቶ ነው ያገኙት። ለማክበር መሬት መስጠትና ለማስቀረት መሬት መስጠት ከውጭ ሲያዩት አንድ ዓይነት ነው።

እኔን ማንም አላሠረኝም፣ ከሾጉንም ጋር አልተቀመጥኩም። ግን ኬዝ ፔንዲንግ የሆነበት ሰው ያውቀዋል። 2008 ላይ መጣሁ፣ ወረቀቴ እጄ የገባው በዘጠነኛው ዓመት ነው፣ ኢንተርቪው ተሰጠህ፣ ተሰረዘ፣ እንደገና ተሰጠህ። በስድስተኛው ዓመት አባቴ ሞተ። ሐዘን እዚሁ አፓርታማ ውስጥ ተቀመጥኩ፣ ሰዉ እንጀራና ውሃ እየያዘ መጣ፣ ሶፋው ተነስቶ ወንበር ተደረደረ፣ ሀገር ቤት ደግሞ ቀብሩን በስልክ እያሳዩኝ ነበር፣ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ አፈሩ ሲገባ አላየሁም። ከወጣህ መመለስ አትችልም፣ ከተመለስክ የጠበቅከው ሁሉ ገደል ይገባል። ስለዚህ አዳምስ አትሄድም ሲባል የተሰማውን አውቀዋለሁ ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

ያልጠበቅኩት የ1613ቱን ነው።

በዛ ዓመት የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርከብ ክሎቭ (ቅርንፉድ ማለት ነው) ሂራዶ ወደብ ደረሰች፣ አለቃዋ ጆን ሳሪስ ይባላል። አስቡት፣ 15 ዓመት የሀገሩን ሰው እንደ ልቡ ሳያይ የኖረ ሰው የሀገሩ መርከብ ስትመጣለት። አዳምስ መጣ፣ ግን ሳሪስ እኛ ጋ እደር ሲለው እንቢ ብሎ ሌላ ቤት አደረ፣ መርከበኞቹም ሸኝተውት አብረውት ሊሄዱ ሲሉ አልፈለገም፣ ተቀየሙት። ስለ ጃፓን ሲያወራ በፍቅርና በአድናቆት ስለሆነ ይሄ ሰው ጃፓናዊ ሆኗል ብሎ ጻፈበት ሳሪስ። እዚህ ዲያስፖራ ውስጥ ያለን ሰዎች ይሄን ሁለቱንም ወገን እናውቀዋለን፣ አዲስ የመጣው የቆየውን ተቀየረ ይለዋል፣ የቆየው ደግሞ አዲሱ ያለበትን ቤት ሳያውቅ ጫማውን ሳያወልቅ ሲገባ ያፍራል። ያም ሆኖ አዳምስ ሥራውን ሠራላቸው፣ ኢዬያሱ ዘንድ አቅርቦ የንግድ ፈቃድ አስገኘላቸው።

እዛው ኢዬያሱ ፊት ነው የሆነው። አዳምስ ማኅተም ያለበትን የጉልቱን ወረቀት ከደረቱ አወጣና መሬት ላይ አስቀመጠው፣ ስለ ውለታዎ ሁሉ አመሰግናለሁ፣ ያሰናብቱኝ አለ። ሽማግሌው ትኩር ብሎ አየው። ሀገርህ መሄድ በጣም ትፈልጋለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። በጣም አለው። እንግዲያው ባስቀርህ በደል ነው፣ በደንብ አገልግለኸኛል አለውና ፈቀደለት። እንዴት ያለ ቀን ነው! ይሄን ሳነብ አልቅሻለሁ፣ ለምን እደብቃለሁ።

እናም አልሄደም። በሩ ተከፍቶለት፣ መርከቧ ወደብ ላይ ቆማለት፣ በዲሴምበር 1613 ክሎቭ ስትነሳ አዳምስ ወደብ ላይ ነበር። ምክንያቱን ራሱ ጽፏል፣ አንደኛ ሳሪስ አንዳንድ ነገር በድሎኛል ከእሱ ጋር አልሄድም ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ እዚህ ሀገር ይሄን ሁሉ ዓመት ኖሬ ያጠራቀምኩት ነገር የለም፣ ኪሴ ባዶ ሆኖ አልመለስም የሚል ነው። ለኩባንያው በዓመት 100 ፓውንድ ተቀጠረ፣ ትንሽ ልሥራና እሄዳለሁ ብሎ።

ባዶ እጄን አልሄድም። ጃፓን ውስጥ፣ 400 ዓመት ያለፈው፣ ሁለት ሰይፍ የታጠቀ እንግሊዛዊ ነው ይሄን ያለው። እኛ ጋራዥ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ 22 ዓመት ሀገር ቤት አልሄዱም፣ ወረቀት ካላቸው ደግሞ ስንት ዓመታቸው። አልጋቸው ስር ሻንጣ አለ፣ አንድ ቀን አብሬያቸው ከፍቼዋለሁ፣ ለእህታቸው ልጆች የገዙት ጫማ አለበት፣ የልጅ ጫማ፣ ጥብጣቡ ላይ የአበባ ሥዕል ያለው፣ ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰዋል። ጋሼ ለምን አይሄዱም ስላቸው "ዘንድሮ እንኳ እጄ አልሞላም ልጄ፣ ሰው ምን ይለኛል" ነው ሁልጊዜ መልሳቸው። እኔም ወረቀቴ ከመጣ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደሳቸው ነበርኩ። ይሄን ዕዳ ልጨርስ፣ ቤቱን ላስጠግን የሚሆን ልያዝ፣ ለእያንዳንዱ ዘመድ የሆነች ነገር። እማዬ በስልክ "አንተን ነው እንጂ ሻንጣህን ነው እንዴ የወለድኩት" ስትለኝ እንኳን አልገባኝም። ስሄድ እሷ በአንድ ዓይኗ ማየት አቁማ ነበር።

አዳምስ ሚስቱን ረስቷል ወይ? ብዙ ሰው ሌላ ቤት ስለሠራ ረስቷል ይላል። እኔ አልፈርድበትም፣ ሜሪ ብትፈርድበት ግን እውነት አላት። በኩባንያው በኩል ለእሷ ለንደን ውስጥ ገንዘብ እንዲሰጣት ያስደርግ ነበር፣ የዛን ዘመን ሐዋላ በሉት። ብር መላክና መሄድ ግን የተለያዩ መሆናቸውን የላከ ሰው ያውቀዋል።

ትንሽ ልሥራ ያለው ሰባት ዓመት ሆነ። ወደ ሲያም ተመላለሰ፣ ዛሬ ቬትናም የምንለው ድረስ ሄደ። አንዴ መርከቧ ውሃ እያስገባች ሪውኪው ደሴቶች ላይ ከርሞ ሲመለስ ስኳር ድንች ይዞ መጣ፣ የእንግሊዞቹ ንግድ ቤት ኃላፊ ሪቻርድ ኮክስ በ1615 ሂራዶ ጓሮው ውስጥ ተከለው። በ1616 ኢዬያሱ ሞተ። ልጁ ሂዴታዳ እንደ አባቱ አልነበረም፣ የእንግሊዞቹን ንግድ ሂራዶና ናጋሳኪ ብቻ ላይ ወሰነው፣ አዳምስም ለአንድ ጉዳይ ቀናት ደጅ የሚጠና ሰው ሆነ። ድሮ ኢዬያሱ እኩለ ሌሊት ድረስ የሚያወራው ሰው። በአንድ ሰው ፍቅር የቆመ ነገር ሰውየው ሲሄድ እንዲህ ነው፣ አዳምስም የጠበቀው ይመስለኛል፣ አንድም ቦታ ሲያማርር አላገኘሁትም።

ሜይ 16 ቀን 1620 ሂራዶ ላይ ሞተ፣ 55 ዓመቱ ነበር። እንግሊዝን እንደገና አላየም። ባለፉት ዓመታት ሂራዶ ውስጥ የእሱ ነው የሚባለው መቃብር ተቆፍሮ የተገኘው አጥንት ተመርምሮ በ2020 የሰሜን አውሮፓ ሰው መሆኑ ተነግሯል፣ ዕድሜውም ዘመኑም ይገጥማል። ሄሚ ላይ ደግሞ፣ የጉልቱ ኮረብታ ላይ፣ ለእሱና ለሚስቱ ተብሎ የቆሙ ሁለት የድንጋይ ሐውልቶች አሉ፣ በአቅራቢያው ያለው የባቡር ጣቢያ ስሙ እስከዛሬ አንጂንዙካ ነው፣ የአንጂን መቃብር ማለት።

ኑዛዜውን ነው ደጋግሜ ያነበብኩት። ያለውን እኩል ለሁለት ከፈለው፣ ግማሹ ለንደን ላሉት ለሜሪና ለልጁ፣ ግማሹ ጃፓን ላሉት ለጆሴፍና ለሱዛና። ሁሉም ለሜሪ ብቻ እንዲሆን አልፈለገም ይላል ኮክስ፣ ሌላ ባል ብታገባ የልጁ ድርሻ እንዳይጠፋ ፈርቶ ነው፣ ስለዚህ በእንግሊዙም ቤት እናትና ልጅ እኩል እንዲካፈሉ ነው ያደረገው። ልክ መሀሉ ላይ ቆርጦ። በሕይወቱ መሀሉ ላይ መቆረጥ ያልቻለ ሰው።

ሰይፎቹን ለጆሴፍ ነው የተናዘዘው። ኮክስ ዓመት ካለፈ በኋላ ልጁን ጠርቶ ሁለቱንም አስረከበው፣ በማስታወሻውም ላይ ሲሰጠው እንባ እንደፈሰሰ ጽፏል። የማን እንባ እንደሆነ አልጻፈም። ጆሴፍም ታጠቃቸውና የአባቱን ስም ወርሶ፣ ሚዩራ አንጂን ተብሎ፣ እንደ አባቱ ወደ ባሕር ወጣ።